በኃይል ለሚሠሩ የተሽከርካሪ በሮች፣ የኮፈን መክፈቻዎችና የሞተር መቆጣጠሪያዎች የሚሰጥ የፈጠራ ጥበቃ

የተሽከርካሪን በር በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ኮፈንን የሚቆልፍ ወይም የሞተርን አሠራር የሚቆጣጠር መሣሪያ የፈለሰፉ ወይም ያሻሻሉ ዜጎች ለሥራቸው የሕግ ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ። ጥበቃው የሚሰጠው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 እና አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 12/1989 መሠረት ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው፣ የሚመረምረውና ሰነዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ሲቋቋም ጽሕፈት ቤት በሚል ስያሜ ይታወቅ ነበር።

የአዋጁ ድንጋጌዎች ለማናቸውም የፈጠራ ዘርፍ አንድ ናቸው። የተሽከርካሪ ፈጠራ የሚለይበት ግን አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያው የሚፈተነው በመንገድ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሐሙሲትን ለምሳሌ እንውሰድ። በገበያ ቀን ሚኒባሶች ተሳፋሪ የሚጭኑትና የሚያወርዱት ያለማቋረጥ ነው። ተንሸራታቹን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ረዳቱ ነው፤ አንዳንዴም መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም። በከተማዋ የሚሠራ አንድ መካኒክ ይህን ተመልክቶ፣ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ በሩን በሞተር የሚከፍትበትን መሣሪያ ሠራ እንበል። መሣሪያውን በደንበኛው ሚኒባስ ላይ ገጠመው። መኪናው በዚያው ቀን ባሕር ዳር መናኸሪያ ይደርሳል፤ ሌሎች ሾፌሮች ያዩታል፤ ፎቶ ያነሡታል፤ በሳምንቱ ሌላ ጋራዥ ተመሳሳዩን ይሠራል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ይህ መካኒክ ከየትኛው ደረጃ ላይ ምን መብት እንዳለው፣ ምንስ እንደሚያጣ የሚያስረዳ ነው።

ከማሳየት በፊት ማመልከት

አንድ ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል ሲሆን ነው። አዲስነት የሚመዘነው ማመልከቻው ከቀረበበት ዕለት በፊት በዓለም ላይ በማናቸውም ስፍራ በጽሑፍ፣ በቃል፣ በጥቅም ላይ በማዋል ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ ከተገለጸው ሁሉ አንጻር ነው። መሣሪያውን በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ገጥሞ ማሠራት እንደ መግለጽ ይቆጠራል፤ በኤግዚቢሽን ማሳየት፣ አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅም እንዲሁ።

አዋጁ ለዚህ አንድ ማለዘቢያ አስቀምጧል። ፈጠራው የተገለጸው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነና የገለጸውም አመልካቹ ራሱ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው መብቱን በመጣስ ከሆነ፣ መገለጹ አዲስነቱን አያስቀርም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው መካኒክ መሣሪያውን ከገጠመበት ቀን አንሥቶ 12 ወር ሳይሞላው ቢያመለክት የራሱ ሥራ በራሱ ላይ ማስረጃ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ላይ መመካት አይመከርም። በመካከሉ ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ቢገልጽ ማለዘቢያው አያድንም፤ ብዙ አገሮችም በሕጋቸው እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ ስለማይሰጡ፣ ወደፊት በውጭ አገር ለማመልከት የሚያስብ ሰው በሩን በገዛ እጁ ይዘጋል።

መሣሪያው ለሙከራ የግድ ከጋራዥ መውጣት ካለበት፣ ከመኪናው ባለቤትና ከሾፌሩ ጋር የምሥጢር ጥበቃ ስምምነት በጽሑፍ ማድረግና ተሳፋሪ ሳይጭኑ መሞከር ይገባል። ስምምነቱ ሁለት ገጽ እንኳ ባይሞላ ቀን፣ ፊርማና ምስክር ይኑረው።

ፓተንት ወይስ የግልጋሎት ሞዴል

በዚህ ዘርፍ ፓተንት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። በሞተር የሚከፈት ተንሸራታች በር፣ ከሩቅ የሚከፈት ኮፈን፣ ሞተርን በኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠር ለበርካታ አሥርት ዓመታት የቆዩ ቴክኖሎጂዎች ናቸው። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሞተርን በእጅ ከማሽከርከር ያዳነውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ በእኛ ጋራዦች ሞተሪኖ የሚባለውን፣ ለካዲላክ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን ፓተንቱን ያገኘው በ1915 ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የነዳጅ ርጭትን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረውን ጄትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ርጭትንና የካንዴላን እሳት በአንድ ላይ የሚቆጣጠረውን ሞትሮኒክ ደግሞ በ1979 ለገበያ አቅርቧል። ስለዚህ “በሩ በሞተር ይከፈታል” ወይም “ሞተሩ በኮምፒዩተር ይመራል” ብቻ የሚል ማመልከቻ አዲስ ነገር አላቀረበም።

ይህ ማለት ግን የታወቁ ዕቃዎችን አቀናጅቶ የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ፈጠራ አይደለም ማለት አይደለም። ሮበርት ከርንስ የተባለ አሜሪካዊ መምህርና መሐንዲስ በየተወሰነ ጊዜ እየቆመ የሚሠራ የመኪና መስታወት የዝናብ መጥረጊያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1964 ለፓተንት አመለከተ። ፎርድ ኩባንያ ሥራውን ካየ በኋላ ተመሳሳዩን በራሱ መኪኖች ላይ አዋለ። በተከተለው ክርክር ኩባንያው ያቀረበው መከላከያ፣ መሣሪያው የተሠራው በማንኛውም ሱቅ ከሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ስለሆነ አዲስ ነገር የለውም የሚል ነበር። ከርንስ ግን አዲስነቱ ከዕቃዎቹ ሳይሆን ከቅንጅታቸው መሆኑን ተከራከረ፤ ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1990 10.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ መፍጀቱም መዘንጋት የለበትም። ከርንስን ያቆመው ቀኑ የታወቀ፣ አሠራሩን በዝርዝር የገለጸ ማመልከቻ በእጁ መኖሩ ነው።

ፈጠራዊ ብቃትን ለማሳየት ለሚያስቸግር፣ ነገር ግን አዲስና ጠቃሚ ለሆነ ማሻሻያ አዋጁ አነስተኛ ፈጠራ የሚለውን ምድብ አዘጋጅቷል። ለዚህ የሚሰጠው ሰነድ የግልጋሎት ሞዴል የምስክር ወረቀት ይባላል። የሚጠየቀው አዲስነትና በኢንዱስትሪ ተግባራዊነት ነው። የሚጸናው ለ5 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። ፓተንት በአንጻሩ ለ15 ዓመት ይጸናል፤ በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥ በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ፓተንትን በሕይወት ለማቆየት ዓመታዊ ክፍያ መፈጸም ግዴታ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ መብቱም ይቋረጣል። የመሣሪያው ውጫዊ መልክ ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የበር መክፈቻ እጀታ ቅርጽ፣ ተገቢው ጥበቃ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ነው።

የአንድን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም የተሠራበትን ማዕድን መለወጥ ብቻውን አነስተኛ ፈጠራ አይሆንም፤ ለውጡ በዕቃው ጠባይ ወይም አገልግሎት ላይ መሻሻል ማምጣት አለበት። የበሩን ሐዲድ ከብረት ወደ አሉሚኒየም መቀየር አይበቃም። ሐዲዱ አቧራና ጭቃ ራሱ እንዲጥል ተደርጎ ቢቀረጽና በሩ በክረምት መንገድ ሳይነክስ እንዲሠራ ቢያደርግ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በር

አብዛኛው በኃይል የሚሠራ ተንሸራታች በር የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሞተር፣ ገመድ በሚጠቀልል ከበሮና በሐዲድ ነው። ሞተሩ አንደኛውን ገመድ ሲስብ በሩ ይከፈታል፣ ሌላውን ሲስብ ይዘጋል። በሩ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ሁለተኛ አነስተኛ ሞተር መቆለፊያውን ስቦ ያጠብቀዋል። ዋናው አስቸጋሪ ጉዳይ ግን ማንቀሳቀሱ አይደለም፤ ማቆሙ ነው። የሕፃን ጣት ወይም የእናት ነጠላ በመካከል ሲገባ መሣሪያው ማወቅ አለበት። ይህ የሚሆነው በሁለት የተለመዱ መንገዶች ነው፤ ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት በድንገት መጨመሩን በመለካት፣ ወይም የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር ፍጥነቱ መቀነሱን ሲያሳይ በሩን ወደ ኋላ በመመለስ። በሩ ጫፍ ላይ የሚለጠፍ፣ ሲጨቆን ምልክት የሚሰጥ የጎማ ጥብጣብም አለ።

ምን ያህል ኃይል እንደሚበዛ ለማወቅ የሌሎች አገሮችን መመዘኛ መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓና በአሜሪካ ደንቦች ራሱን የሚዘጋ የመኪና መስታወት ከ100 ኒውተን በላይ ኃይል ከማሳረፉ በፊት መመለስ አለበት፤ ይህም የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ለአውቶቡስ በሮች የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 107 የሚጠቀምበት መነሻ 150 ኒውተን ነው። አመልካቹ በሠራው በር ላይ ይህን ኃይል በሚዛን ለክቶ ውጤቱን በመግለጫው ቢያካትት ሥራው በተግባር የተፈተነ መሆኑን ያሳያል፤ ለገዢም የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች የሚነሡት ከመንገዱ ነው። ባትሪው ሲሞት በሩ በእጅ ይከፈታል ወይ? መኪናው በመጓዝ ላይ እያለ የመክፈቻው ቁልፍ ቢነካ ምን ይሆናል? ሚኒባሱ ቢገለበጥ ተሳፋሪው ከውስጥ ሆኖ በአንድ እንቅስቃሴ መውጣት ይችላል? በባሕር ዳርና አካባቢዋ ለሚሠሩ አሮጌ ሚኒባሶች እነዚህን ጥያቄዎች በአነስተኛ ወጪ፣ የመኪናውን አካል ሳይበየድ በሚገጠም መሣሪያ የመለሰ ሰው አዲስ ነገር ሠርቷል ለማለት ጥሩ መነሻ አለው። ማመልከቻው ማተኮር ያለበትም በዚህ መፍትሔ ላይ እንጂ በሩ በሞተር በመከፈቱ ላይ አይደለም።

ኮፈን

ስለ ኮፈን የሚባለው አጭር ነው። ወደ ፊት የሚከፈት ኮፈን ሁለት ደረጃ መያዣ አለው፤ አንደኛው ከመቀመጫ አጠገብ በሚሳብ ገመድ ይለቀቃል፣ ሁለተኛው በጣት ካልተነሣ አይለቅም። ሁለተኛው መያዣ ያለው፣ የመጀመሪያው በጉዞ ላይ ቢለቅ ኮፈኑ ተነሥቶ የሾፌሩን ዕይታ እንዳይጋርድ ነው። ገመዱን በኤሌክትሪክ ሞተር ለመተካት የሚሠራ ፈጠራ ይህን ሁለተኛ መያዣ የሚያስቀር ከሆነ አደገኛ ነው። ከዚህ ውጭ፣ ባትሪንና የሞተር ክፍሎችን ከስርቆት የሚጠብቁ የኮፈን መቆለፊያዎች ለግልጋሎት ሞዴል የሚመቹ ናቸው።

የሞተር መቆጣጠሪያና የኮምፒዩተር ፕሮግራም

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጅ ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አዳዲስ ተሽከርካሪዎች የአየር ግፊትን የሚለካ ሴንሰር ስላላቸው የሞተር መቆጣጠሪያው ኮምፒዩተር የነዳጁን መጠን ራሱ ያስተካክላል። ካርቡሬተር ላላቸው ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ይህን ሥራ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ቢፈለሰፍ የጣና ዳርቻ ባለንብረት ወዲያውኑ የሚረዳው ጥቅም አለው።

በዚህ ዘርፍ ብዙ አመልካቾችን የሚያሰናክለው አንድ ድንጋጌ ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት አይሰጠውም። የሞተርን ኮምፒዩተር ከፍቶ የነዳጅ ሠንጠረዡን የለወጠ ወይም አዲስ ፕሮግራም የጻፈ ባለሙያ ፕሮግራሙን በፓተንት ማስጠበቅ አይችልም። ፕሮግራሙ ጥበቃ የሚያገኘው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ይህ ጥበቃ የሚከለክለው መቅዳትን ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሐሳብ በራሱ አጻጻፍ ቢያዘጋጀው አይከለከልም።

መፍትሔው በሚዳሰስ ነገር ላይ ሲመሠረት ግን መንገዱ ክፍት ነው። የግፊት ሴንሰር፣ የነዳጅ ማጥበቢያ ቫልቭና እነዚህን የሚያገናኝ ሰርኪዩት በአንድነት የሚሠሩበት መሣሪያ ቢሆን፣ በውስጡ ፕሮግራም ስላለው ብቻ ከፓተንት አይወጣም። ስለዚህ መግለጫው መጻፍ ያለበት ከፕሮግራሙ መስመሮች ሳይሆን ከመሣሪያው ክፍሎች፣ ከግንኙነታቸውና በሞተሩ ላይ ከሚያስከትሉት ለውጥ ተነሥቶ ነው።

በውጭ አገር የተመዘገበ ፈጠራ

ፓተንት የሚጸናው በሰጠው አገር ክልል ነው። አንድ የጃፓን ኩባንያ በአገሩ ያስመዘገበው የበር መሣሪያ በኢትዮጵያ ካልተመዘገበ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ መሥራትና መጠቀም በፓተንት ሕግ አይከለከልም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የፓተንት ሰነዶችም በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ በተባለው የመረጃ ቋት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፍለጋውን ለማሳጠር ዓለም አቀፉን የፓተንት ምደባ መጠቀም ይቻላል፤ የተሽከርካሪ በሮችና መስታወቶች በቢ60ጄ፣ በሮችን የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች በኢ05ኤፍ፣ መቆለፊያዎች በኢ05ቢ፣ ኮፈኖች በቢ62ዲ 25፣ የሞተር ቁጥጥር በኤፍ02ዲ ሥር ይገኛሉ። በቋቱ ሲፈለግ ፊደሎቹ በላቲን ይጻፋሉ። ፍለጋው ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ቀድሞ የተሠራን ነገር እንደ አዲስ ከማቅረብ ያድናል፣ ሌሎች የደረሱበትንም በነፃ ያስተምራል።

በውጭ አገር ፓተንት ያገኘና ጊዜው ያላለፈ፣ በኢትዮጵያ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራ አምጥቶ በአገር ውስጥ ለሚያመርት ሰው አዋጁ የአስገቢ ፓተንት ይፈቅዳል። የሚጸናው እስከ 10 ዓመት ሲሆን፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በሥራ ላይ መዋሉን ማረጋገጥ ይጠይቃል። ምርቱን ፓተንቱ ወደሚጸናበት አገር ለመላክ ግን አይጠቅምም።

የፈጠራው ባለቤት ማን ነው

በጋራዥ፣ በፋብሪካ ወይም በትምህርት ተቋም ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከማመልከቱ በፊት ይህን ማጣራት አለበት። በሥራ ውሉ መሠረት እንዲፈለስፍ የተቀጠረ ሰው የሠራው ፈጠራ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው። ከሥራው ጋር ሳይገናኝና የአሠሪውን ዕቃ፣ መረጃ ወይም መሣሪያ ሳይጠቀም የሠራው የራሱ ነው። በመካከል ያለው፣ ማለትም በሠራተኛው የግል ጥረትና በአሠሪው ዕቃ ወይም መሣሪያ የተገኘው፣ የሁለቱ የጋራ ንብረት ሲሆን ድርሻቸውም እኩል ነው። ማታ ማታ በጋራዡ መበየጃ የበር መሣሪያ የሠራ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ምድብ ነው። አሠሪውን አስቀድሞ ማነጋገርና ስምምነቱን በጽሑፍ ማኖር በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይቀላል።

የማመልከቻው ይዘት

ማመልከቻው የጥያቄ ቅጽ፣ የፈጠራው መግለጫ፣ ጥበቃ የሚጠየቅበትን ወሰን የሚያሳይ ክፍል፣ አስፈላጊ ሲሆን ንድፍ ሥዕል እና አጠቃሎ ይይዛል፤ በአማርኛ ማቅረብ ይቻላል። መግለጫው በሙያው የሠለጠነ ሌላ ሰው አንብቦ መሣሪያውን ሊሠራው በሚችልበት ደረጃ የተሟላ መሆን አለበት። አንዳንድ አመልካቾች እንዳይቀዳባቸው በመስጋት ቁልፍ የሆነውን ክፍል ሳይገልጹ ያልፋሉ፤ ይህ ማመልከቻውን ውድቅ ያስደርጋል። የጥበቃ ወሰኑ ጥበቡም ስፋቱም ይጎዳል። “ማናቸውም በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር” ከተባለ አዲስነት ይጎድለዋል፤ “ባለ 12 ቮልት፣ ባለ ሦስት ብሎን መግጠሚያ” ከተባለ ደግሞ አራት ብሎን ያሰረ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። በንድፍና በፍተሻ ረገድ በአቅራቢያ ያሉ የምህንድስና ተቋማት ባለሙያዎች ሊረዱ ይችላሉ፤ ከእነርሱም ጋር ቢሆን አስቀድሞ የምሥጢር ስምምነት መፈረም ይገባል።

ፓተንት ያገኘ ሰው ሌሎች ያለ ፈቃዱ ፈጠራውን በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይሠሩበት የመከልከልና በፍርድ ቤት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ሆኖም ፓተንቱ ምርቱን ከውጭ የማስገባት ብቸኛ መብት አይሰጥም። ተመሳሳይ የበር መሣሪያ ከውጭ ቢገባ በፓተንቱ ብቻ ማገድ ስለማይቻል፣ ዋጋውንና የጥገና አገልግሎቱን ከወዲሁ ማስላት ይበጃል።

የፓተንት ወይም የግልጋሎት ሞዴል ሰነድ መሣሪያውን በተሽከርካሪ ላይ ለመግጠም የሚሰጥ ፈቃድም አይደለም። በበር፣ በኮፈን ወይም በሞተር ላይ ለውጥ የተደረገበት ተሽከርካሪ የቴክኒክ ምርመራውን ማለፍ አለበት። ስለዚህ መሣሪያውን የሚገጥመው ባለሙያ ከሥራው በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ ባለንብረቱም የለውጡን ዝርዝር ከመኪናው ሊብሬ ጋር ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።